ሪባኗን ሳትፈታ ለቅሶ የደረሰችው መኪና

መጀመሪያ የያዘኝ ሽታዋ ነው። በፀሐይ የጋለ የፕላስቲክ ቆዳ፣ ቤንዚን፣ አሮጌ ስፖንጅ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ምን እንደሆነ ዛሬም የማላውቀው፣ ሌላ መኪና ላይ ገጥሞኝ የማያውቅ ጣፈጥ ያለ ሽታ። በሯን ከፍቼ ጎንበስ አልኩና የፊት ወንበሯ ላይ ቁጭ አልኩ። ሻጩ ወጣት፣ "ግድ የለም ጋሼ፣ ያስነሷት፣ ቁልፉ እላይዋ ላይ ነው" አለኝ። ቁልፉን አልነካሁትም። እጄን በወንበሩ ጠርዝ ሰድጄ ስፌቱን ነበር የምፈልገው። አገኘሁት። በጆንያ መስፊያ መርፌ፣ በጥቁር ሲባጎ፣ ጥብቅ ጥብቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ስፌት። የእናቴ እጅ ነው።

"ባለቤቷን ያውቁት ነበር እንዴ?" አለ ልጁ።

"ትንሽ ትንሽ" አልኩት።

ወዳጄ፣ አንተ ለምን መኪና እንደማልነዳ ስንት ጊዜ ጠይቀኸኛል። ዓይኔ ነው ብዬሃለሁ። ወልድያ ውስጥ ሂሳብ ለሚያስተምር ሰው ባጃጅ ይበቃል ብዬሃለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም መንጃ ፈቃድ የለኝም ብዬ ዋሽቼሃለሁ። መንጃ ፈቃዴ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ፎቶው ላይ ያለው ጎፈሬ አሁን ለሚያየኝ ሰው ያስቃል። ባለፈው ሳምንት ሚስቴ ስልኳን ስትነካካ "የጣሊያን ስሪት፣ ባለ አራት በር፣ ጥንታዊ የቤተሰብ መኪና፣ ለሚያውቅባት ሰው የምትሸጥ" የሚል ማስታወቂያ ከነፎቶው አሳየችኝ። ያለችው ሐራ ነው ይላል። ቅዳሜ እስኪደርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እና ዛሬ እውነቱን ልንገርህ።

አባቴ መርሳ ላይ የፍራፍሬ ነጋዴ ነበር፤ ብርቱካኑን፣ ማንጎውን፣ ፓፓያውን እየሰበሰበ ለደሴና ለወልድያ የሚያስጭን። መኪናዋን የገዛት ደሴ ከነበረ ጡረታ የወጣ ሐኪም ነው። ወተት የመሰለች ነበረች። የፊት መብራቶቿ ክብ፣ ማርሿ ከመሪው ሥር፣ የፊት በሮቿ ደግሞ እንደ ሌላ መኪና ሳይሆን በተቃራኒው፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚከፈቱ። ሰው ከሷ ሲወርድ ከገዛ ቤቱ እንደሚወጣ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወርደው። ሰፈሩ "ጣሊያኗ" ይላታል። የጭነት መኪና እንኳ በዋናው መንገድ ሲርመሰመስ ይውላል፤ የቤት መኪና ግን በዚያን ዘመን መርሳ ላይ ከሷ በቀር አይታየኝም።

ስለዚህ በስም የአባቴ ትባል እንጂ የአገሩ ሁሉ ነበረች። ምጥ የጠናባትን ወልድያ ሆስፒታል የምታደርስ እሷ፣ ከሐጅ የተመለሰ የምትቀበል እሷ። ልጁን የሚድር ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቀኑን ከመቁረጡ በፊት አባቴ ዘንድ ብቅ ብሎ መኪናዋን ያስይዛል። አባቴ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር፤ እናቴ ደግሞ ትብሳለች። የትም ልትሄድ ለብሳ ተሰናድታ፣ የፊት ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ እንኳ መንገድ ዳር የደከመ ሽማግሌ ካየች፣ "ቁም፣ እኒህን ሰው አስገባቸው" ትልና ወርዳ በእግሯ ወደ ቤት ትመለሳለች። ያንን ስፌትም የሰፋችው ለራሷ አይደለም። የወንበሩ ቆዳ ተሰንጥቆ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ያዘ፤ በነጋታው መርፌና ሲባጎ ይዛ መኪናዋ ውስጥ ስትታገል ዋለች።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስለነበር መሪው ወደኔ ተላልፏል፤ ልቤም አብሮ አብጧል። ክንዴን በመስኮት አውጥቼ፣ ማንም ባይጠይቀኝ ስለ ካንዴላና ስለ ፍሪሲዮን የማወራ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። ያኔ ባገኝህ ኖሮ አትወደኝም ነበር።

ዕለቱ እሁድ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ደጋው ላይ አልፎ አልፎ የሚጥልበት ጊዜ። የጎረቤታችን ልጅ ከሐራ ሊያገባ ተነስቷል። መኪናዋን ከንጋት ጀምሬ አጥቤ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ ከአፍንጫዋ እስከ መስታወቷ ነጭና ሮዝ ሪባን ወጥሬ፣ ኮፈኗ ላይ አበባ አስሬ ጨርሻለሁ። ሙሽራው በሙሉ ልብሱ አንድ እግሩን አስገብቷል። ከኋላ አጃቢውን የጫነች ትንሽ የተከራየች የጭነት መኪና ክላክሷን ታምባርቃለች። በዚህ መሐል ነው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ የግራና ሰው በራችን ላይ የቆመው። የእናቴ አገር ግራና ነው፤ እናቷ እዚያ ነበረች።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ ሰውየው፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "እናትሽ በርትቶባታል። ሌሊቱን ሙሉ አንቺን ስትጣራ ነው ያደረች። ልጄን አምጡልኝ ነው የምትለው።"

እናቴ ሻርፗን አጥብቃ ያዘች። መኪናዋን አየች፣ ከዚያ እኔን። ሙሽራው የሰማውን ሰምቶ ወረደ። "እቴቴ፣ እርስዎን አስቀድሞ ያድርስዎት። እኛ እንቆያለን" አላት። ከልቡ ነበር።

"ኧረ ወላሂ አይሆንም!" አለች። "የሰው ሰርግ አሰናክዬ ነው እናቴ ፊት የምቀርበው? ሂዱ፣ አላህ ያሳምርላችሁ። እኔ ከሰውየው ጋር በእግሬ እነሳለሁ።"

ወደ ግራና መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነበር። በእግር ደግሞ ለእናቴ ጉልበት አራት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ማንም አልጠየቀኝም። "እማ፣ በዚህ ጉልበትሽ የት ትደርሻለሽ? ጠብቂኝ። ሙሽሮቹን አምጥቼ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ። በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅብንም፤ በእግር ብትሄጂም ከዚያ ብዙ አትቀድሚም" አልኳት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ወላሂ፣ ስምንት ሰዓት።"

አመነችኝ። ለመልእክተኛው ውሃና የሚቀመስ ነገር ሰጥታ፣ "በመኪና እመጣለሁ በላት" ብላ መለሰችው። እኔ መሪውን ስይዝ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። ክላክስ አሰማሁላት።

ሐራ ስንደርስ ድግሱ ሞቋል። ለኛ ለእስላሞቹ ለብቻ በግ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ፣ ዳስ ጥግ ላይ ተሰናድቶልናል። በልቼ ሳልጨርስ ሰዓቴን ሰርቄ ሳይ የሙሽራው አጎት አዩኝ። ከሁሉ የሚከበሩ፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ፣ ለሰርጉ መሪ ሆነው የፊት ወንበር ላይ የመጡ ሰው ናቸው። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጊዜ አላጠፉም። ተነስተው ሽኝቱን አጣደፉት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሽራዋ ተሳፍራለች።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። በኛ አገር ሙሽራ የጫነ መኪና በሄደበት መንገድ አይመለስም። ለምን እንደሆነ የሚነግርህ ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ነው የሚነግርህ፤ መቼም እንዳባቶቻችን ነው። ስንሄድ በወልድያ በኩል በአስፋልቱ ነበር። ስንመለስ የሚቀረው መንገድ በቆላው አድርጎ ወደ መርሳ የሚወጣው የበጋ መንገድ ነው፤ አቧራና አሸዋ፣ መሐሉ ላይም ሰፊ ደረቅ ወንዝ አለ።

ሞተሩን እንዳስነሳሁ አጎትየው እጄን ያዙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስማኝ ልጄ፣ ልማዱ የኛ ነው፤ የምትጠብቅህ እናት ግን ያንተ ናት። በአስፋልቱ ተመለስ። ወልድያ ስንደርስ በመጣንበት ጎዳና ሳይሆን በሌላው አዙረን እንወጣለን፣ መንገድ ለወጥን ማለት ነው። የሚጠይቀኝን እኔ እመልሳለሁ" አሉኝ።

ከኋላ ወንበር፣ ከሙሽራዋ ጎን፣ የአክስቷ ልጅ ሚዜ ሆና ተቀምጣለች። ሐብል አድርጋለች፣ ሽቶዋ መኪናውን ሞልቶታል። ጠዋት ስንገባ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ "ይቺ አሮጊት የቆላውን መንገድ ትችለዋለች?" ብላ ስቃብኝ ነበር። በስፔኪዮው አየኋት። እሷም እያየችኝ ነው፤ ትንሽ ፈገግ ብላለች፣ መልሴን እየጠበቀች።

"ግድ የለም አባባ" አልኳቸው። "በቆላው እንዲያውም ይቀርባል።"

አይቀርብም። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ።

እስከ ወንዙ ድረስ አሪፍ ነዳሁ፤ ይህን አልክድም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ወንዙ ወለል ያለ ነጭ አሸዋ ነው፣ የውሃ ጠብታ የለበትም። ሳልቆም ገባሁበት፤ መሐሉ ላይ ሳልደርስ የኋላ ጎማዎቿ ሰመጡ። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ትቀበራለች። ሙሽራው ኮቱን አውልቆ፣ ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ይገፋሉ። ሙሽራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወረደች። በመጨረሻ የጭነቷ መኪና ከኋላ በገመድ ጎትታ ወደ መጣንበት ዳር መለሰችን። ገመዱን እየፈታሁ ሳለ ከላይ፣ ከደጋው በኩል፣ ጉርምርም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ፀሐይ ነው፤ ሰው እየሳቀ ሳለ ነው ጎርፉ የሚደርሰው። ቡናማ ውሃ ግንድና ቅጠል እያግበሰበሰ መጣ፤ ቅድም ቆመንበት የነበረው አሸዋ ጠፋ።

አጃቢዎቹ እልል አሉ። በሰርግ ቀን ውሃ መምጣቱ ለነሱ በረከት ነው፤ እዚያው ዳር ላይ ክብ ሠርተው መጨፈር ጀመሩ። ልጅቷ እጄን ይዛ ወደ ጭፈራው ልትስበኝ ሞከረች። እጄን አስለቀቅኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም፣ ማለቴ አጠገቤ ነበረች፣ ግን አላየኋትም። መመለስ ብንል ደግሞ መንገዱ ከኋላችን አንዲት ሌላ ቦይ ላይ ተቆርጧል። ሰዓቴ ስምንት አለ። ዘጠኝ አለ። አጎትየው ከጎኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንድም ጊዜ "ነግሬህ ነበር" አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃው ጎድሎ፣ በሰው ትከሻ ተገፍታ የተሻገረችው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሙሽሮቹን በራቸው ላይ አራግፌ ወደ ቤት በረርኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጎረቤታችን ወጥታ፣ "እናትህማ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል እዚህ በር ላይ ቁማ ጠበቀችህ። ኋላ አልቻለችም፣ በእግሯ ሄደች" አለችኝ።

ወደ ግራና እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። አያቴ ያረፈችው ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ ነው። በኛ ሥርዓት ሬሳ አይቆይም፤ ልጇ ትደርሳለች ብለው የሚችሉትን ያህል ጠበቁ፣ መኪና ነው የያዘችው ትደርሳለች አሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ሳትገባ ቀበሯት። እናቴ ጀንበር ስትጠልቅ ደረሰች። ፊቷን አላየችም።

እኔ ስደርስ ሰዎች ከመስገጃው እየወጡ ነው። ከለቅሶ ቤቱ ፊት ቆሜ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ምን እያየ እንደሆነ የገባኝ። ሪባኑን አልፈታሁም ነበር። ጭቃ የመታው ነጭና ሮዝ ሪባን፣ ኮፈኗ ላይ የደቀቀ አበባ፣ ሰው የሞተበት ቤት ደጃፍ ላይ። መሬት ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ ወጣች። ወደኔ የመጣች መስሎኝ ነበር። ወደ መኪናዋ ሄዳ ሪባኑን ፈታች፤ አልቀደደችውም፣ አንድ በአንድ ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ መኪናው ውስጥ አስቀመጠችው። "የሰው ደስታ ነው፣ እዚህ አይታይ" አለች።

"እማ፣ የሙሽራው አጎት ናቸው" አልኳት። "በአስፋልቱ ልመለስ ብል ልማድ ነው ብለው እምቢ አሉኝ።"

እንዲህ ነው ያልኩት። በአያቴ ቀብር ዕለት፣ እናቴ ዓይን ውስጥ እያየሁ።

እሷም አመነችኝ፣ ወይም እንዲያ መሰለኝ። ሊወቅሰኝ አፉን የከፈተውን ሁሉ፣ ወንድሞቿን ሳይቀር፣ "የሙሽራ መኪና በሄደበት አይመለስም፤ እሱ ምን ያርግ?" እያለች ዝም አሰኘች። አጎትየው በሦስተኛው ቀን ከመርሳ ድረስ ለቅሶ ሲመጡ አይቼ ከበረት ኋላ ተደበቅኩ። ከእናቴ ጋር ብዙ ተቀመጡ። ሲሄዱ ወጥቼ ፊቷን መረመርኩ፤ ምንም የለበትም። አልነገሯትም አልኩ፣ ተመስገን አልኩ። ከዚያ በኋላ አጎትየው በመንገድ ባለፉ ቁጥር የእናቴ ዘመዶች ፊት ይነሷቸው ነበር፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንስተው ያልፋሉ። እኔ ያንን እያየሁ ዝም ነው። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ ያን ጊዜም ዝም።

መሪውን ዳግመኛ አልያዝኩም። አባቴ መኪናዋን ለቆቦ ሰው ሸጣት፣ ከዚያ ማን ከማን እንደገዛት እንጃ፣ ዞራ ዞራ ይኸው ሐራ።

"ይወስዷታል ጋሼ?" አለኝ ሻጩ ልጅ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አዝኖልኝ ነው መሰል ውሃ አምጥቶልኛል። "አንድ ሰው ማናገር አለብኝ" አልኩት። ወልድያ መናኸሪያ ወርጄ ቤቴ መግባት ሲገባኝ የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው። እዚያው ቤት፣ በረንዳው ላይ፣ ለሶላት መታጠቢያው፣ ለዉዱእ፣ ውሃ እስኪመጣላት ተቀምጣ ነበር። መኪናዋን አገኘኋት ልል ነው የመጣሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላው ነው። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳልላት፣ "እማ፣ ያን ቀን የሙሽራው አጎት አላስገደዱኝም" አልኳት። "በአስፋልቱ ተመለስ ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ። በአንዲት ልጅ ፊት ጀግና ልሁን ብዬ ነው።" ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ እንደ ሕፃን ነበር የማለቅሰው።

እናቴ አልደነገጠችም። ሻርፗን አስተካከለች።

"አውቃለሁ" አለች። "ለለቅሶ የመጡ ለት ነግረውኛል። አጥብቄ ብይዘው ኖሮ ብለው እያለቀሱ። ለማንም እንዳይነግሩ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ነው፣ ይሄን ተሸክሞ አያድግም አልኳቸው። እኔ እሸከመዋለሁ አሉ። አላህ ይማራቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ።"

ሠላሳ ዓመት። ባርኔጣቸውን አንስተው ሲያልፉ ታየኝ።

"ታዲያ ለኔ እንኳ ለምን ዝም አልሽኝ?" አልኳት።

"አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነዋ" አለች፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ። ከዚያ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ፣ "ቆየህብኝ የኔ ሸጋ" አለችኝ።

የምታግዛት ልጅ ውሃውን አመጣች። ማንቆርቆሪያውን ከልጅቷ ተቀብዬ፣ እናቴ እጅጌዋን እስክትሰበስብ ጠብቄ፣ በእጇ ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩላት።